የፍሬዴሪክ ፋን ኤደን ሌሊቶች፦ ሕልሙን እያወቀ ያየ ሐኪም ሕይወትና ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በ1898 ከጃንዋሪ 19 ለ20 አጥቢያ ቡሱም በተባለች የኔዘርላንድስ ከተማ የሚኖር የሠላሳ ሰባት ዓመት ሐኪም ሕልም አየ። በሕልሙ በአትክልት ቦታው ውስጥ፣ ከጥናት ክፍሉ መስኮት ፊት ለፊት፣ በደረቱ ተኝቶ በመስታወቱ ውስጥ የውሻውን ዓይኖች ይመለከት ነበር። ውሻውን በትኩረት እያስተዋለ ሳለ ሁለት ነገሮችን ያለ ጥርጥር ያውቅ ነበር፤ የሚያየው ሕልም መሆኑንና ሥጋዊ አካሉ በአልጋው ላይ በጀርባው የተኛ መሆኑን። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ጊዜ ደንግጦ ይነቃል፣ አለዚያም ነገሩን ረስቶ በሕልሙ ይወሰዳል። ይህ ሰው ግን አንድ ነገር ለመፈተን ወሰነ፤ በዝግታና በጥንቃቄ እየነቃ፣ በደረት የመተኛት ስሜት ወደ ጀርባ የሚዞርበትን ቅጽበት ለመታዘብ። ሙከራው ተሳካለት። ሽግግሩን ከአንድ አካል ወደ ሌላ አካል እንደ መንሸራተት አድርጎ መዝግቦታል። ከነቃም በኋላ የሁለት አካላት ትዝታ አብሮት ነበር፤ አንደኛው በአትክልቱ ውስጥ በደረቱ የተኛው፣ ሌላው ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋው ያልተንቀሳቀሰው።

ሐኪሙ ፍሬዴሪክ ፋን ኤደን ነው። በአገሩ ይበልጥ የሚታወቀው በደራሲነቱ ሲሆን፣ በእንቅልፍና በሕልም ጥናት ዘርፍ ግን ስሙ የሚነሣው በ1913 ለለንደኑ የሳይኪክ ምርምር ማኅበር ባቀረበው አንድ ጽሑፍ ነው። የዚህ አጭር መጣጥፍ ዓላማ የዚህን ሰው ሕይወት ከአንድ ጥያቄ አንጻር መተረክ ነው፤ ይኸውም ሕልም መሆኑ እየታወቀ የሚታይ ሕልም፣ በእንቅልፉ ውስጥ ሳሉና ከነቁ በኋላ፣ እውን መስሎ የሚሰማው ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ለእንዲህ ያለው ሕልም የተለመደ የአማርኛ ስያሜ ባለመኖሩ፣ ከዚህ በኋላ ንቁ ሕልም እለዋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ፋን ኤደን የተወለደው ኤፕሪል 3 ቀን 1860 በሃርለም ከተማ ነው። አባቱ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር፤ ልጁም ቅጠልና አበባን በስማቸው እየለየ አደገ። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ በኋላ እንደምናየው፣ ስለ ሕልም እውነትነት መጀመሪያ እንዲያስብ ያደረገው የአንድ ዛፍ ቀንበጥ ነበርና። በአምስተርዳም ሕክምና አጥንቶ በ1886 የዶክትሬት ማዕረጉን አገኘ። በዚያው ዓመት ማርታ ፋን ፍሎተንን አግብቶ በቡሱም ሥራ ጀመረ። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1885፣ ከወጣት ጓደኞቹ ጋር የደች ሥነ ጽሑፍን አቅጣጫ የለወጠውን አዲሱ መሪ የተባለ መጽሔት መሥርቶ ነበር። በዚያ መጽሔት መውጣት የጀመረውና በ1887 በመጽሐፍ የታተመው ትንሹ ዮሐንስ የተሰኘው ተረት መሰል ልቦለዱ ስሙን በመላ አገሪቱ አስጠራው።

በ1887 ከባልደረባው ከፋን ሬንተርገም ጋር በአምስተርዳም አንድ ክሊኒክ ከፈተ። ሁለቱም የፈረንሳዩ ሐኪም ሊየቦ በናንሲ ከተማ ሕመምተኞችን በሂፕኖቲዝም ሲያክም አይተው የተመለሱ ነበሩ። የሚሰጡትን አገልግሎት ሳይኮቴራፒ ብለው ሰየሙት፤ ቃሉ ገና እንግዳ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ፋን ኤደን በዚህ ሥራ ላይ ስድስት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ1893 ለቀቀ። ሆኖም ክሊኒኩ አንድ ልማድ ትቶበት የሄደ ይመስለኛል፤ የተኛ ወይም ከፊል የተኛ ሰው የሚናገረውን ሳይንቅና ሳይቸኩል ማዳመጥን። ይህንኑ ልማድ በራሱ ላይ ማዋል የጀመረው በ1896 ነው። በዚያ ዓመት ትኩረቱን የሳቡ ሕልሞችን በማስታወሻ መመዝገብ ያዘ። ከ1898 ጀምሮ ደግሞ ለንቁ ሕልሞች ብቻ የተለየ መዝገብ ከፈተ።

መዝገቡ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንዳደገ ራሱ ዘግቧል። በ1913 ባቀረበው ጽሑፍ ወደ 500 የሚጠጉ ሕልሞችን እንደ መሠረት ሲጠቅስ፣ ከእነዚህ ውስጥ 352ቱ ከጃንዋሪ 20 ቀን 1898 እስከ ዲሴምበር 26 ቀን 1912 ድረስ የታዩ ንቁ ሕልሞች ናቸው። ሕልሞችን ሁሉ በዘጠኝ ዓይነት ከፍሏቸዋል። ክፍፍሉ ሁሉ እኩል የሚያሳምን አይደለም፤ አንዳንዱ ዓይነት ከሌላው የሚለይበት መስመር ቀጭን ነው። ንቁ ሕልም የሚለውን ስያሜ በዛሬው ትርጉሙ ያስለመደው ግን ይህ ጽሑፍ ነው። በሐኪሞች ቋንቋ ይኸው ቃል አእምሮው የታወከ ሰው ለአፍታ ወደ ልቡ የሚመለስበትን ጊዜ ለማመልከት ያገለግል ስለ ነበር፣ ለአንድ የአእምሮ ሐኪም ወደ አፉ መምጣቱ አያስገርምም። ከእርሱ በፊት በዚህ መንገድ የተጓዘ ሰው አልነበረም ማለት ግን አይደለም። የቻይና ሥነ ጽሑፍ ሊቅ የነበረው ፈረንሳዊው ማርኪ ኤርቬ ደ ሳን ደኒ በ1867 ሕልምን ስለ መምራት አንድ መጽሐፍ ስሙን ሳይገልጽ አሳትሟል። ፍሮይድ እንኳ ይህን መጽሐፍ ፈልጎ ሊያገኘው አልቻለም።

ፋን ኤደን ንቁ ሕልምን የሚለየው በአንድ መስፈርት ነው። የተኛው ሰው የቀን ሕይወቱን ያስታውሳል፤ ያለበትንም ሁኔታ፣ ማለትም ተኝቶ እያለመ መሆኑን፣ ያውቃል። ትኩረቱን ወደ ፈለገበት መምራትና በፈቃዱ አንድ ድርጊት መሞከር ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን እንቅልፉ አይታወክም፤ ጥልቅና የሚያሳርፍ ሆኖ ይቀጥላል። በዘመኑ ብዙዎች ይህን አልተቀበሉትም። የሚያውቅ ሰው አልተኛም፣ የተኛ ሰውም አያውቅም ይሉ ነበር። እርሱ ግን ስሙን ምንም ብትሉት ነገሩ ይኸው ነው በሚል መንፈስ ከክርክሩ ይልቅ ወደ መዝገቡ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። እኛ ሕልም አየሁ እንላለን፤ ሕልም ለእኛ የዓይን ነገር ነው። የፋን ኤደን መዝገብ ጥቅም በከፊል ከዓይን አልፎ መሄዱ ነው፤ በሕልም ምን እንደሚዳሰስ፣ ምን እንደሚቀመስ፣ ድምፅ ሲወጣ ጉሮሮ ምን እንደሚሰማው ይጠይቃል።

ጥያቄው የጀመረው ግን ከዓይን ነው። በጁን 1897 በሕልሙ ቅጠል በሌላቸው ዛፎች መካከል በአየር ላይ እየተንሳፈፈ ያልፍ ነበር። ወቅቱ ኤፕሪል መሆኑን በሕልሙ ያውቃል። ሲያልፍ ሳለ የቅርንጫፎቹና የቀንበጦቹ አቀማመጥ ከቦታው መለወጥ ጋር ልክ በእውን እንደሚሆነው ሲለዋወጥ አስተዋለ፤ ቅርቡ ቶሎ ያልፋል፣ ሩቁ ይዘገያል፣ አንዱ ሌላውን ይሸፍናል፣ ይገልጣል። ያን ጊዜ በእንቅልፉ ውስጥ ሆኖ አሰበ፤ እንዲህ ያለ ውስብስብ እንቅስቃሴ በሐሳቤ ፈጥሬ ልሥለው ከቶ አልችልም ሲል ደመደመ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1907፣ የፊዚክስ ሊቁ ኧርንስት ማኽ ስለ ስሜቶች ትንተና የጻፈውን መጽሐፍ ሲያነብ አንድ ተመሳሳይ ትዝብት አገኘ። ማኽም በሕልሙ ቀንበጦችን አስተውሏል። ልዩነቱ ማኽ እያለመ መሆኑን ያወቀው በቀንበጦቹ እንቅስቃሴ ላይ ጉድለት በማየቱ ሲሆን፣ ፋን ኤደንን ያስደነቀው ጉድለት አለመኖሩ ነው። ሁለት የሠለጠኑ ታዛቢዎች አንድን ነገር ተመልክተው ተቃራኒ ነገር ዘገቡ። ስለ ሕልም እውነትነት የሚጽፍ ሁሉ ይህን ልዩነት መዝለል የለበትም። ንቁ ሕልም ሁሉ ከእውን አይለይም ብሎ መነሣትም፣ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው ብሎ መነሣትም ከሁለቱ ምስክሮች አንዱን መጣል ይሆናል።

ከሙከራዎቹ ሁሉ የታወቀው የሴፕቴምበር 9 ቀን 1904 ሕልም ነው። በመስኮት አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ፊት ቆሟል፤ በጠረጴዛው ላይ ልዩ ልዩ ዕቃዎች አሉ። እያለመ መሆኑን ፈጽሞ ያውቃልና ምን ልፈትን ብሎ አሰበ። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት በሁለት ድንጋዮች ላይ አስቀምጦ በሌላ ድንጋይ መታው፤ አልሰበር አለ። ቀጥሎ ከጠረጴዛው ስስ የወይን ብርጭቆ አንሥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ በጡጫ መታው። በሚመታበትም ቅጽበት ይህን በእውን ባደርገው እጄ ምን ይሆን ነበር ብሎ ያስባል። ብርጭቆው ደህና ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መለስ ብሎ ሲያየው ግን ተሰብሯል። መሰበሩስ ተሰበረ፣ ግን ዘገየ፤ ፋን ኤደን በመድረክ ላይ ተራው ካለፈ በኋላ በሚናገር ተዋናይ መሰለው። በብልሃት ተመሳስሎ በተሠራ፣ ነገር ግን አልፎ አልፎ በሚሳሳት ዓለም ውስጥ ያለ ያህል ተሰማው። ስባሪውን ወስዶ በመስኮት ወረወረ፤ ሲንኳኳ ይሰማ እንደሆነ ለማወቅ። ድምፁን ሰማ፤ ሁለት ውሾችም ከድምፁ ሲሸሹ አየ። በመጨረሻ ቀይ ወይን የያዘ የመስታወት ማንቆርቆሪያ አገኘና ቀመሰ። ጣዕሙ የወይን ጣዕም ነበር።

ከዚህ ሙከራ የምረዳው፣ እውነትነት የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አጣምሮ መያዙን ነው። አንዱ የስሜት ህዋሳት ብርታት ነው፤ ጣዕሙ፣ ድምፁ፣ የጡጫው ግፊት ጎደለ የሚባል አልነበረም። ሁለተኛው የነገሮች ተያያዥነት ነው፤ ምት ስብራትን ማስከተል በሚገባው ሰዓት አላስከተለም። ሦስተኛው እርግጠኝነት ነው፤ ፋን ኤደን ዕቃዎቹ በእውን እንደሌሉ ያውቃል፣ ማወቁ ግን የወይኑን ጣዕም አላደበዘዘውም። በተለምዶ ሕልም እውን መሰለኝ የምንለው ሦስተኛውን ነው፤ ማለትም ሕልም መሆኑን አላወቅሁም ነበር ማለታችን ነው። ንቁ ሕልም የሚያሳየው ሦስተኛው ሲወገድ የመጀመሪያው ብቻውን መቆም እንደሚችል ነው። ይህ በእኔ ግምት የፋን ኤደን መዝገብ ትልቁ ፍሬ ነው፤ እርሱ ራሱ ግን በዚህ መልክ አልለያየውም። የኋላ ኋላ ያስከፈለውም ይኸው አለመለያየት ይመስለኛል።

የአካል ስሜትን በተመለከተ ሌላ ሙከራ አለው። በሕልሙ ጣቱን በምራቁ አርሶ በግራ መዳፉ ላይ የመስቀል ምልክት ሠራ፤ ሲነቃ ምልክቱ ይገኝ እንደሆነ ለማየት። ከዚያ የነቃ መሰለው። መዳፉን ወደ ጉንጩ አስጠግቶ እርጥበቱን ዳሰሰ። ይህ ግን ገና ሕልም ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ በእውነት ሲነቃ፣ እጁ ሌሊቱን እንደ ተጨበጠ በደረቱ ላይ ሳይንቀሳቀስ መቆየቱን ወዲያው ተረዳ። በድምፅም እንዲሁ ሞክሯል። በሕልሙ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጮኻል፣ ይዘምራል፤ ድምፁ ከጉሮሮው ሲወጣ፣ ደረቱም ሲንቀሳቀስ ይሰማዋል።  ሚስቱ ግን አንድም ድምፅ ሰምታ እንደማታውቅ ደጋግማ አረጋገጠችለት።

ከነቁ በኋላስ? ዘገባው እዚህ ላይ ሁለት መልክ አለው። ንቁ ሕልም በአብዛኛው በደስታና በእረፍት ስሜት ይከተላል፤ ጠዋት ሰውነቱ ቀለል ብሎት፣ ሕልሙም እንደ ትናንት ቀን ሥራ ጥርት ብሎ ይታወሰዋል። ሌላው ግን ጨለማ ነው። ከንቁ ሕልም ተከትሎ አንዳንድ ጊዜ የአጋንንት ሕልም ብሎ የሰየመው ይመጣበታል፤ የሚያፌዙና የሚያስቸግሩ ፍጡራን ይከብቡታል፣ ይታገላቸዋል። በእኛ አገር ዱካክ ያዘኝ የሚል ሰው ከሚተርከው ጋር የሚዛመድ ፍርሃት አለበት፤ ነገር ግን ፋን ኤደን በዚያ ሕልም ይንቀሳቀሳል፣ ይዋጋልም፤ ተዋግቶ ሲነቃም ጸጥታ ይሰማዋል። አጋንንቱ በእውን ይኑሩ ወይም የራሱ ፍጥረት ይሁኑ ለመወሰን አልቸኮለም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሐሰተኛ መንቃት ነው። በመኝታ ክፍሉ ነቅቻለሁ ይላል፤ ክፍሉ እንደ ወትሮው ነው፤ ከዚያ አንድ ነገር ያለ ምክንያት ሲንቀሳቀስ ያያል፣ ያልታወቀ ድምፅ ይሰማል፣ ብርሃኑ እንግዳ ይሆንበታል፤ ያን ጊዜ ገና መተኛቱን ያውቃል። የሚፈራበትን ምክንያት መረዳት አያዳግትም። በወይን ብርጭቆው ሕልም ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር ነበር። በሐሰተኛው መንቃት ግን ከነቁ በኋላ የሚለው ነገር ራሱ በሕልሙ ውስጥ ተጨምሮ ይቀርባል፤ የእርጥበቱን መስቀል በጉንጩ የዳሰሰው በዚህ ዓይነቱ መንቃት ነበርና።

የፋን ኤደን ቀኖች በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሌሊቶቹ ይልቅ የሚያንገላቱ ነበሩ። በ1898፣ ንቁ ሕልሞቹን ለይቶ መመዝገብ በጀመረበት ዓመት፣ በቡሱም አካባቢ አንድ የኅብረት መንደር መሠረተ። መሬቱ የጋራ፣ ሥራውም የጋራ ነበር፤ ስሙንም ከአሜሪካዊው ጸሐፊ ከሄንሪ ዴቪድ ቶሮ መጽሐፍ ወስዶ ዋልደን አለው። በ1903 በኔዘርላንድስ የባቡር ሠራተኞች አድማ ሲነሣ ከሠራተኞቹ ጎን ቆመ፤ ከሥራ ለተባረሩትም መጠጊያ እንዲሆን በአምስተርዳም አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲቋቋም ረዳ። ሁለቱም ድርጅቶች ኪሳራ ውስጥ ገቡ፤ በ1907 ዋልደን ፈረሰ። በዚያው ዓመት ከማርታ ጋር ተፋቶ ሁለተኛ ሚስቱን አገባ።

እነዚህን ዓመታት ከሕልሙ ጋር የሚያገናኝ አንድ ገጠመኝ አለ። በሜይ 1903 በንቁ ሕልም ከጥቂት ጊዜ በፊት የሞተውን አማቹን በአንዲት ትንሽ የደች ከተማ አገኘው። መሞቱን ያውቃል፤ እርሱ መሆኑንም አይጠራጠርም። አማቹ የገንዘብ ጥፋት እንደሚመጣበት፣ አንድ ሰው 10,000 ጊልደር እንደሚወስድበት ነገረው። ፋን ኤደን በሕልሙ ነገሩ ገብቶኛል አለ፤ ሲነቃ ግን ምንም አልገባውም። በ1913 ይህን ሲተርክ ትንቢቱ መፈጸሙን፣ የጠፋው ገንዘብ ግን ከተባለው ሃያ እጥፍ መሆኑን ይናገራል። በሕልሙ ጊዜ ያ ገንዘብ ገና በእጁ እንዳልነበረም ይጨምራል።

ተመራማሪ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ ብዕሩን ያነሣል፣ ማንሣትም አለበት። የአድማው ሁከት በዚያው ዓመት ተጀምሮ ነበር፤ ጥፋቱን ያመጡት ክንውኖችም ያኔ መንቀሳቀስ ጀምረው እንደ ነበር ራሱ ፋን ኤደን ይጠቅሳል። ብዙ ሰው የሚያስተዳድር፣ በልግስናው ከዐቅሙ በላይ የሚገባ ሰው ስለ ገንዘብ ጥፋት ማለሙ ምን ይደንቃል? የተነገረው ቁጥርም አልገጠመም። ሆኖም እርሱን ያሳመነው የቁጥሩ መግጠም አልነበረም። ያሳመነው ሟቹን ሲያነጋግር የነበረው የመገኘት ስሜት ነው፤ የወይኑን ጣዕም የመሰለ፣ የማያጠራጥር ስሜት።

ይህ በሌላ ሕልም ይበልጥ ይገለጣል። በተማሪነቱ ዘመን የሚያውቀውን ኬሚስቱን ያኮቡስ ፋንት ሆፍን፣ በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተቀበለውን፣ በ1911 ካረፈ በኋላ በንቁ ሕልም አገኘው። በአንድ የትምህርት አዳራሽ በምሁራን ተከቦ ቆሟል። ፋን ኤደን መሞቱን እያወቀ ቀርቦ ጠየቀው፤ የስሜት ህዋሳት በሌሉበት የምናነጋግረው ሰው በእርግጥ እርሱ መሆኑን፣ የራሳችን ቅዠት አለመሆኑን በምን እናውቃለን አለው። ሟቹ በተራው ሕይወት እንደምታውቁት ሁሉ በጥቅሉ ከሚሰጠው ግንዛቤ ነው ብሎ መለሰ። ጠያቂው አልተወውም፤ በተራው ሕይወት ግን የምናየው ነገር የጸና ነው፣ ደጋግመንም እናረጋግጠዋለን አለ። እዚህም እንዲሁ ነው፣ የእርግጠኝነቱም ስሜት አንድ ነው የሚል ምላሽ አገኘ። ጥያቄው የሠለጠነ ተመራማሪ ጥያቄ ነው፤ በእንቅልፍ ውስጥ መጠየቁም የንቁ ሕልምን ምንነት ከማንኛውም ትርጓሜ በላይ ያሳያል። መልሱ ግን ከራሱ ከጠያቂው አእምሮ የመጣ አለመሆኑን የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። ዓመታት ቀደም ብሎ ብርጭቆውን በጡጫ የመታውና የዘገየውን ስብራት ያልማረው ታዛቢ፣ ከሟቾች ጋር ሲሆን ያን ያህል አልጨከነም። አንድም ጊዜ ሟቹ የሚያውቀውን፣ እርሱ ግን የማያውቀውንና ሌላ ሰው ሊያጣራው የሚችለውን ነገር ጠይቆ ሲመለስ በዚህ ጽሑፉ አናይም።

ይህን ድክመት ብቻ አድርጎ ማየት ግን ሰውየውን አለማየት ነው። ከማርታ የወለደው ልጁ ፓውል በሳንባ ነቀርሳ የሞተው በ1913 ነው፤ ያ ጽሑፍ ለለንደኑ ማኅበር በቀረበበት ዓመት። የአባትየው የዶክትሬት ጥናት ራሱ የሳንባ ነቀርሳን ሕክምና የሚመለከት ነበር። ስለ ልጁ የመጨረሻ ቀናት የጻፈው መጽሐፍ በዚያው ዓመት ታተመ፤ ርእሱንም የፓውል መንቃት ብሎ ሰየመው። በሕልም ሲነቁ ከአንድ አካል ወደ ሌላ መንሸራተት እንዳለ አሥራ አምስት ዓመት ሲመዘግብ ለኖረ ሰው፣ ሞትን መንቃት ብሎ መጥራት የቅኔ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

የሕልም ዘገባውን በሳይንሳዊ ጽሑፍ ከማውጣቱ በፊት በልቦለድ ሞክሮት ነበር። በ1909 የታተመው የሌሊት ሙሽራ የተባለው ልቦለዱ ከዚሁ መዝገብ የተቀዳ ነው። በልቦለድ መልክ ስሱ ነገሮችን በነጻነት መናገር እንደቻለ፣ ያልተለመዱ ሐሳቦችንም ለዘብ ባለ መልክ ማቅረብ እንደ ተመቸው በኋላ ገልጿል። በፍሮይድ ትምህርት ላይ ግን ጥርጣሬ ነበረው፤ የሕልም ምልክቶችን ሁሉ ከተጨቆነ ምኞት ጋር ማያያዙን አልተቀበለም። ይህ ከፍሮይድ ጋር ደብዳቤ ከመጻጻፍ አላገደውም።

ፋን ኤደን ካረፈ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1975፣ በእንግሊዝ አገር በሃል ዩኒቨርሲቲ ኪት ኸርን የተባለ ተመራማሪ አንድ ተኝቶ የሚያልም ሰው አስቀድሞ በተስማሙበት መሠረት ዓይኖቹን ወደ ግራና ቀኝ በማንቀሳቀስ ከሕልሙ ውስጥ ምልክት ሲሰጥ በመሣሪያ መዘገበ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስቲቨን ላበርጅ በስታንፎርድ ይህንኑ ለብቻው አሳየ። ምልክቱ የተሰጠው መሣሪያው ሰውየው በእርግጥ መተኛቱን፣ ይኸውም በፈጣን የዓይን እንቅስቃሴ እንቅልፍ ውስጥ መሆኑን፣ እያሳየ ሳለ ነበር። የሚያውቅ ሰው አልተኛም የሚለው የቆየ ተቃውሞ በዚህ ወደቀ። ሌሎች የመዝገቡ ዝርዝሮችም ትርጉም አገኙ። ፋን ኤደን ንቁ ሕልሞቹ ያለ አንዳች ልዩነት ከንጋቱ አምስት እስከ ስምንት ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አሥራ አንድ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ እንደ ታዩት ጽፎ ነበር። ይህ የእንቅልፍ ዓይነት የሚበዛው በሌሊቱ የመጨረሻ ክፍል ነው፤ የተለየው ደግሞ በ1953 ነው። በዚያ እንቅልፍ ከዓይንና ከመተንፈሻ ጡንቻዎች በቀር አብዛኛው የሰውነት ጡንቻ ዝሎ ይቆያል። ሚስቱ ጩኸቱን ያልሰማችው፣ እጁም በደረቱ ላይ እንደ ተጨበጠ ያደረው ለዚህ ነው።

የቀንበጦቹ ነገር ከሁሉ ዘግይቶ መጣ። በ2018 ላበርጅና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ተሳታፊዎች በእውን፣ በንቁ ሕልምና ዓይናቸውን ጨፍነው በምናብ ጣታቸውን በአየር ላይ እያዞሩ በዓይናቸው እንዲከተሉት ተደረገ። በምናብ ሲከተሉ ዓይናቸው ቆረጥ ቆረጥ እያለ ይዘላል። በንቁ ሕልም ግን ልክ በእውን እንደሚያዩት ሳይቆራረጥ ይፈስሳል። በሕልም ማየት ከመገመት ይልቅ ለማየት የቀረበ ነው ማለት ነው፤ ፋን ኤደን በ1897 በዛፎቹ መካከል ሲያልፍ በምናቤ ይህን ልሥል አልችልም ያለው ትዝብት፣ ቢያንስ የእንቅስቃሴን እይታ በተመለከተ፣ ድጋፍ አገኘ። ይህ ግን የስሜትን ብርታት ይመለከታል እንጂ ከሕልሙ ውጭ ያለ አንድ ነገር መታየቱን አያስረዳም። ስለ ፋንት ሆፍ የምንለው ነገር ከዚህ ጥናት በፊት እንደ ነበረው ነው።

ፋን ኤደን በሌሎች ነገሮችም ላይ ደክሟል፤ የታጎርን ግጥሞች ወደ ደች ተርጉሟል፣ ከጦርነቱ ዋዜማ ጀምሮ የአውሮፓን አሳቢዎች አንድ ለማድረግ ሞክሯል፣ ከሒሳብ ሊቁ ከብራወር ጋር የቃላትን ትርጉም የሚመረምር ክበብ ውስጥ ነበር። በ1922 የካቶሊክ እምነትን ተቀበለ። የታተመው የዕለት ማስታወሻው በ1923 ያበቃል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አእምሮው እየደከመ፣ የማስታወስ ችሎታው እየከዳው ሄደ። ጁን 16 ቀን 1932 በቡሱም ዐረፈ። የሕልም መዝገቡ በመጽሐፍ መልክ የታተመው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት አልፈው ነው።